እናቴ የወደቀችው ፈተና

እናቴ ፈተናውን የወደቀችው በጥቅምት ሚካኤል ዕለት ነው። ቀኑን ልረሳው ያልቻልኩት እሷ ራሷ ስለተናገረችው ነው፤ የተናገረችውም እንደ ስህተት ተቆጥሮባታል።

ክሊኒኩ ከሌክ ስትሪት ትንሽ ገባ ብሎ ያለ ነው፤ የሄድነው ለአረጋውያን ለሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ነበር። በጠባቧ ክፍል ውስጥ እናቴ፣ እኔና ፈተናውን የምትሰጠው ሴትዮ ነበርን። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ስልክ አለ፤ ሌላ ስቴት ተቀምጦ የሚያስተረጉመው ወጣት ድምፁ የሚመጣው ከዚያ ነው። ማስተርጎም የእኔም ሥራ ነው። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ሆስፒታሎች እየዞርኩ የሐኪሙን ለታማሚው፣ የታማሚውን ለሐኪሙ ስናገር ዓመታት አልፈዋል። ይኼንኑ የማስታወስና የማሰብ ፈተና ለስንት አረጋዊ እንዳስተረጎምኩ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ለገዛ እናቴ ግን አይፈቀድልኝም፤ የቤተሰብ ሰው መልስ ያቀብላል ተብሎ ይፈራል። ስለዚህ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አለ ስልኩ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ምን አለ?»

ሴትዮዋ እንዳልመልስ በእጇ ምልክት ሰጠችኝ። ወጣቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው።

«ሚካኤል ነዋ!» አለች እናቴ፣ ይኼም ይጠየቃል እንዴ በሚል ድምፅ።

ወጣቱ «ሚካኤል ነው ትላለች» ብሎ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ሴትዮዋ ሚካኤል ማን እንደሆነ ጠየቀችው። «የሰው ስም ነው» አላት። ጻፈች። እዚሁ አገር ያደገ ልጅ ሳይሆን አይቀርም፤ ወር በገባ በአሥራ ሁለት ሚካኤል መሆኑን ማን ይነግረዋል። ዓመቱን ስትጠየቅም የእኛን ዓመት ተናገረች። እሱም ስህተት ሆነ።

ቀጥሎ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የምታውቃቸውን እንስሳት ሁሉ እንድትጠራ ተነገራት። እዚህ ላይ ተስፋ አድርጌ ነበር። እናቴ «በሬ፣ ላም፣ ወይፈን፣ ጊደር፣ ጥጃ» ብላ ጀመረች። ወጣቱ «ላም፣ ላም፣ ላም፣ ላም፣ ትንሽ ላም» ብሎ ተረጎመ። ሴትዮዋ አንድ ብላ ቆጠረችና በአዘኔታ አየቻት። እናቴ ፊቷን አይታ የተሳሳተች ስለመሰላት መጥራቷን አቆመች።

በመጨረሻ ወረቀትና እርሳስ ሰጧት። ክብ ሰዓት ሥላ ቁጥሮቹን እንድታስገባና አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ እንድታደርገው ተጠየቀች። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ እርሳስ ይዛ አታውቅም። እንደ ቢላዋ ጨበጠችው። የሣለችው ክብ እንቁላል ይመስል ነበር። ቁጥር መጻፍ ስለማትችል በቁጥሮቹ ፋንታ ዙሪያውን ነጥብ አደረገች፤ አሥራ ሁለት ነጥብ፣ አንድም አላጎደለችም። አጭሩን መስመር ደግሞ ወደ ታች፣ ፈረንጅ አምስት ወደሚለው ነጥብ ሳበችው። አሥራ አንድ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር የሚገኘው እዚያ ነው።

«በእኛ አቆጣጠር እኮ» ብዬ አፌን ከፈትኩ።

ሴትዮዋ ፈገግ ብላ «እባክሽ፣ ውጤቱ እንዳይበላሽ» አለችኝ።

አፌን ዘጋሁ። ዛሬ ድረስ ለራሴ የምነግረው ሕጉ ስለከለከለኝ ነው ብዬ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ አፍሬ ነበር። እንቁላሉን ሳየው እንደ ልጅነቴ አፈርኩ። ተማሪ ቤት ሳለሁ የወላጅ ፊርማ ሲጠየቅ እናቴ በቀለም የተነከረ አውራ ጣቷን ታሳርፍ ነበር፤ እኔም ያንን ወረቀት ለአስተማሪዬ የምሰጠው አራት ቦታ አጥፌ ነበር።

ውጤቱ ሲደመር ዝቅተኛ ሆነ። ላልተማረ ሰው የሚደረግ ማስተካከያ አለ ብለው አንድ ነጥብ ጨመሩላት። እናቷ ስትሞት ትምህርት ቤት የመግባት ተራዋ ደርሶ ነበር፤ ታናናሾቿን የሚያጥብና የሚያበላ ስላልነበረ ቀረች። ወንድሞቿ ተማሩ፤ ልብሳቸውን የምታጥበው እሷ ነበረች። ለዚህ ሁሉ አንድ ነጥብ።

በሥራዬ ላይ ይኼን መሰል ነገር አይቼ አላውቅም ብል ውሸት ነው። አንድ ጊዜ በቤታቸው አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚናገሩ አዛውንት በአማርኛ እንዲፈተኑ ተደርጎ እኔ ተላክሁ። ቋንቋው የእሳቸው እንዳልሆነ ለሐኪሙ ነገርኩት። «የቻልሽውን አድርጊ» አለኝ። የቻልኩትን አደረግኩ፤ ወደቁ። ወረቀቴን አስፈርሜ ወደ ቀጣዩ አፖይንትመንት ሄድኩ። የሰው እናትና አባት ሲሆን እንደዚያ ነው።

አባታችን በሚቀጥለው ሳምንት ተፈተኑ። እናቴን አንቺ፣ አባባን አንቱ እያልን ነው ያደግነው፤ እሷም አንቱ ትላቸዋለች። አባባ ለረጅም ዓመት የሂሳብ መምህር ነበሩ፤ እንግሊዝኛቸው ከእኔ ይሻላል። አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ሰዓቱን በደንብ ሥለው፣ በሁለቱ ቀስቶች መካከል ያለው ማዕዘን ስንት ዲግሪ እንደሆነ ሳይጠየቁ አስረዱ። ሴትዮዋ ሳቀች፤ እንዲህ ያለ ተፈታኝ ገጥሟት እንደማያውቅ ነገረቻቸው። ከሙሉው የጎደላቸው ሁለት ነጥብ ብቻ ነበር።

ወደ ብሩክሊን ፓርክ፣ ወደ ቤታችን ስንመለስ አባባ ከጎኔ ተቀምጠው ደስ ብሏቸው ነበር።

«እናትሽ ላይ አትፍረጂ» አሉኝ። «ያልተማረች ሰው ናት፤ ምን ታድርግ።»

«እሺ አባባ።»

ሃይዌይ ስንገባ እንደገና «እናትሽ ላይ አትፍረጂ» አሉ። «ያልተማረች ሰው ናት፤ ምን ታድርግ።» ቃሉም ድምፁም አንድ ነው። ነገሩን ሊያጠብቁት ነው ብዬ አለፍኩት። ትንሽ ቆይተው «ይኼ መንገድ አዲስ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ዘጠኝ ዓመት የተመላለሱበት መንገድ ነው። «እየሠሩት ነው» አልኳቸው፤ በእርግጥም እየሠሩት ነበር፤ እዚህ አገር በረዶ ካልጣለ መንገድ ይቆፈራል።

ወንድሜ አፕል ቫሊ ነው የሚኖረው። በዚያው ሳምንት እሁድ እሱ ቤት ተሰበሰብን። ወንድሜ ነገር ማስተካከል የሚችል ሰው ነው፤ ስለ መርሳት በሽታ ከኢንተርኔት ያወጣቸውን ወረቀቶች አትሞ በአቃፊ አዘጋጅቶ ጠበቀን። እናቴ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን እያስተካከለች አፋችንን ታያለች። ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች፤ የእነዚያ ማሽኖች ጩኸት ጆሮዋን እየበላው እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ ስናነጋግራት ትከሻዋን ነካ የምናደርገው ለዚያ ነው። እንደዚያም ሆኖ ጆሮዋን እናስመርምር ያለ ሰው አልነበረም።

«ስቶቩን ብቻዋን መንካት የለባትም» አለ ወንድሜ። «ኢንሱሊኑንም አባባ ይስጧት። እኛ ሥራ ላይ ስንሆን የሚያያት ካሜራ ኪችኑ ውስጥ አስገባለሁ። ካቢኔቶቹን ደግሞ የሕፃናት መቆለፊያ እናድርግባቸው፤ የሆነ ነገር አውጥታ እንዳትበላ።»

እናቴ ስኳር በሽታ ከያዛት ቆይቷል። መርፌዋን የምትወጋው ራሷ ነበረች። ቁጥሩን ማንበብ ስለማትችል መርፌው ላይ ያለውን የመጠን ማስተካከያ ስታዞረው ቀጭ የሚለውን በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች ትቆጥራለች። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን አልተሳሳተችም። ይኼን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝና። እሁድ ዕለት ግን አላነሣሁትም።

«ስለ ምንድን ነው የምታወሩት?» አለች እናቴ።

«ስለ ጤናሽ ነው እማዬ» አላት ወንድሜ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«እኔ ምንም አልሆንኩም። ይልቅ አባታችሁን እዩልኝ።»

ወንድሜ ወረቀቱ ላይ ጣቱን አድርጎ ወደ እኔ ገፋው። ታማሚው በቅርብ ሰዎቹ ላይ ጥርጣሬ ሊያድርበት እንደሚችል ተጽፏል።

«አባባ ምን ሆኑ?» አልኳት።

«ዳዊታቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ ጠዋት የገለጡት ገጽ ላይ ምሳ ይደርስባቸዋል። አይገልጡትም። እኔ ባላነብም ገጽ ሲገለጥ አውቃለሁ።»

አባባ ሳቁ። «ደግሞ ስለ ገጽ ልታስተምረን ነው?»

ወንድሜ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እናቴ መሳቃችንን ሳታውቅ አልቀረችም፤ ጆሮዋ ባይሰማ ዓይኗ ያያል። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ሌላ ጊዜ ሁለቴ ለብቻዬ ነጥላ ነገረችኝ። አንዴ አባባ ጎረቤታችንን የገዛ ስሙን ትተው በሟች ወንድማቸው ስም እንደጠሩት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ጋራዥ ገብተው ምን ልሠራ ነው የመጣሁት እያሉ ቆመው እንደቀሩ። ሁለቴም «እሺ እማዬ» ብዬ እጇን መታ መታ አድርጌ አለፍኩ። በሥራዬ አይቼው የነበረ የነርሶች አመል ነው፤ መቼ እንደያዘኝ አላውቅም።

ለምን እንዳላመንኳት ብዙ አስቤበታለሁ። አባባ ዕድሜ ልካቸውን የሰው ልጅ አስተምረዋል። ሠርግና ለቅሶ ላይ «የኔታ» እያሉ ጉልበታቸውን የሚስሙ ጎልማሶች እዚህ ሚኒሶታ ድረስ አሉ። ሚስታቸውን ግን ፊደል አላስቆጠሯትም። ትዳር ሲመሠርቱ እንዲያስተምሯት ለምናቸው እንደነበር አክስቴ አጫውታኛለች፤ «ቆይ፣ ሲመቸን» አሏት። እኔም አስተርጓሚ ነኝ፤ በሁለት ቋንቋ እንጀራ እበላለሁ፤ አንድ ቀን አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሀ ሁ አላልኳትም። እዚህ ከመጣን በኋላ ለስደተኞች የሚሰጠውን የእንግሊዝኛ ትምህርት ጀምራ ነበር፤ ላውንድሪው ሺፍቷን ሲቀይርባት ተወችው። ማናችንም አላዘንንም። በልባችን እሷ የምታበስል፣ የምታጥብና የምትጸልይ ሰው ነበረች። የማሰቡ ሥራ የአባባ ነው። ፈተናው አዲስ ነገር አልነገረን፤ የምናስበውን በቁጥር አድርጎ ሰጠን እንጂ።

አባባ ደም ግፊት ነበረባቸው። ሐኪሙ ኪኒን ያዘዘላቸው ገና እንደመጡ ነው። ሲጋራም አላቆሙም፤ በረዶም ቢሆን ጃኬታቸውን ደርበው ወጥተው ያጨሳሉ። ኪኒኑን ይወስዳሉ ብለን ነበር፤ ማን የተማረ ሰው ይቆጣጠራል? በኋላ መሳቢያቸውን ስከፍት ያልተነኩ የኪኒን ብልቃጦች ተደርድረው አገኘሁ።

ያን የበረዶ ክረምት እናቴ አነሰች። ቀድሞ ሁለት አውቶቡስ እየቀያየረች ሌክ ስትሪት ድረስ ሄዳ ጎመንና ድንች መርጣ የምትመለስ ሴት ነበረች። የአውቶቡሱን ቁጥር አታነብም፤ የት እንደምትወርድ ግን በሕንፃው ቀለምና በመታጠፊያው ትለያለች። የሃያ ሰው ስልክ ቁጥር በቃሏ ነበር፤ የምትደውለውም የቁልፎቹን ቦታ እያስታወሰች ነው፤ እኔ የራሴን ወንድም ቁጥር አላውቀውም። ብቻዋን መውጣት ሲከለከል ስልክ መደወልም ተወች። ስንጠይቃት አትመልስም፤ እኛም በሽታው እየገፋ ነው ተባባልን።

የካቲት መጨረሻ ላይ፣ ሐሙስ ቀን፣ ሴንት ፖል አንድ ክሊኒክ ሥራ ነበረኝ። ታማሚው ስለቀረ ከምሳ በፊት ወደ ቤት ድራይቭ አድርጌ ገባሁ። አባባ ኪችን ጠረጴዛው ላይ ዳዊታቸውን ገልጠው ተቀምጠዋል። እናቴ ከፊት ለፊታቸው ወንበሩ ላይ ተደፍታ ነበር፤ አንድ እጇ ወደ ካቢኔቱ ተንጠልጥሏል።

«ቀስ በዪ» አሉኝ አባባ። «ተኝታለች።»

ልብሷ በላብ ርሷል። ስጠራት አልሰማችም፤ ትከሻዋን ነካኋት፣ ነቀነቅኋት። የስኳር መለኪያውን አምጥቼ ጣቷን ስወጋት ማሽኑ ቁጥር እንኳ አላወጣም፤ ዝቅተኛ የሚለውን ምልክት ብቻ አሳየኝ። ማር በጣቴ ድዷ ላይ እየቀባሁ አምቡላንስ ጠራሁ። አባባ ከኋላዬ ቆመው «ማር ክልክል ነው እኮ! ምን እያደረግሽ ነው?» ይሉኝ ነበር።

ካሜራውን ያየነው በሁለተኛው ቀን ነው፤ ወንድሜና እኔ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆመን፣ በስልኩ። እናቴን እንዲጠብቅ የተከልነው ካሜራ ነው። እኛ ሥራ ላይ ሆነን አንድም ቀን ገልጠን አይተነው አናውቅም ነበር።

ጠዋት ከቁርስ በፊት አባባ ወጓት። በላች። ሰሃኑን አነሣች። ብዙ ሳይቆይ አባባ ፍሪጁን ከፍተው መርፌውን ይዘው ተመለሱ።

«አሁን እኮ ወጉኝ» አለች እናቴ።

«መቼ?»

«ቅድም፣ ከቁርስ በፊት።»

«ትረሻለሽ» አሏት። ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም፤ ለሰነፍ ተማሪ ሲያስረዱ እንደነበረው ለስለስ ያለ ነበር። «ሐኪሟ ምን አለች? ልጆቹስ ምን አሉ?»

እናቴ ቀና ብላ ካሜራውን አየችው። ወንድሜ ስልኩን ከፊቱ አራቀው፤ ወዲያው መልሶ አቀረበው። የምታየው እኛን ነበር። አንድ ነገር ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም። ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ ሆዷን ሰጠቻቸው።

ረስቼ ይሆን ብላ ራሷን ተጠራጥራ ነው? ወይስ ተከራክራ ስለደከማት? ልጠይቃት የምችልበት ጊዜ አልፏል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ወንድሜ ሊያየው አልፈለገም፤ እኔ ነኝ ያየሁት። ላብ ሲያጠምቃት «ስኳሬ ወረደ፤ ትንሽ ማር ይስጡኝ» አለቻቸው። አባባ ማር ክልክል መሆኑን ነገሯት። ተነሥታ ካቢኔቱን ሳበች። አልከፈት አላት። በሁለት እጇ ሳበችው። ማሩ ከዚያ ከበሩ በስተጀርባ ነበር፤ ምን እንደሚያስፈልጋትና የት እንዳለ በትክክል ታውቅ ነበር። መቆለፊያውን የገጠመው ወንድሜ ነው። ሱቅ ሄጄ የገዛሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ጠንካራውን ዓይነት መርጬ።

እናቴ በአራተኛው ቀን ዓይኗን ገለጠች። ሕይወቷ ተረፈ፤ ንግግሯና አብዛኛው ማስተዋሏ አልተመለሰም። አንጎሏ ስኳር አጥቶ ብዙ ቆይቷል አሉን። አሁን ብትፈተን አንዱንም ጥያቄ አትመልስም፤ ያኔ የተጻፈባት ወረቀት እውነት ሆነ።

ሆስፒታሉ ውስጥ በዕድሜ ገፋ ያለች ሐኪም ነበረች። የሆነውን ስትሰማ አባባን እስቲ ልያቸው አለች። ሰዓት አላሣለቻቸውም። ትናንት ምን በሉ፣ ከቤት እዚህ በየት መጡ፣ ሚስትዎ ለምን ተኛች እያለች አወራቻቸው። አባባ ስለ ትምህርት ጥቅም ግሩም ንግግር አደረጉላት፤ ከጥያቄዎቹ ግን አንዱን አልመለሱም። የጭንቅላት ፎቶ ሲነሡ ብዙ ትናንሽ ስትሮክ መትቷቸው እንደነበር ታየ፤ አንዳንዱ ቆየት ያለ ነው። የደም ግፊቱ ሥራ ነው።

«ፈተናውን ግን በከፍተኛ ውጤት ነው ያለፉት» አልኳት።

«ብዙ የተማረ ሰው የጎደለውን በሌላ መንገድ እየሞላ ይቆያል» አለችኝ። «ወረቀት ላይ እስኪታይ ጊዜ ይወስዳል። ያልተማረ ሰው ደግሞ ምንም ሳይሆን ሊወድቅ ይችላል። እናትሽ የመስማት ምርመራ አድርጋ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«አስተርጓሚው አጠገቧ ነበር?»

«በስልክ ነበር።»

ሐኪሟ ሌላ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ኖሮ እመልስ ነበር፤ ለሰው ሁሉ በማስተረጉምበት፣ ምንም ስሜት በሌለው ድምፄ።

ወንድሜ ቪዲዮውን ከካሜራው አጠፋው። ለምን እንዳጠፋው አልጠየቅሁትም፤ እኔም ወደ ስልኬ ቀድሜ እንደላክሁት አልነገርኩትም። ስለዚያ ጠዋት ተነጋግረን አናውቅም። በስልክ ስንገናኝ ስለ ኢንሹራንስና ስለ አፖይንትመንት እናወራለን፤ እሁድ ቤቱ የመሰብሰቡ ነገር ቀርቷል።

እናቴን ብሩክሊን ፓርክ ያለ የእንክብካቤ ቤት አስገባናት። አባባ ከእኔ ጋር ናቸው፤ አንዲት ተንከባካቢ ቀን ቀን ትመጣላቸዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ዘንድ እወስዳቸዋለሁ። ሁልጊዜ መኪናው ውስጥ «እናትሽ ምን ሆና ነው?» ይሉኛል። ለረጅም ጊዜ «አሟት ነው» እያልኩ አለፍኩ።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ነገርኳቸው። እንክብካቤ ቤቱ በር ላይ መኪናውን አቁሜ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ መርፌውን፣ እናቴ ያለችውን፣ እሳቸው ያሏትን። አባባ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ገብተው እናቴ ዊልቼር ሥር በጉልበታቸው ወድቀው እግሯን ይዘው አለቀሱ። ሠራተኞቹ ወድቀው የተጎዱ መስሏቸው ሮጠው መጡ። እናቴ ከራሳቸው በላይ መስኮቱን ታያለች።

የዚያን ቀን እውነቱን ማወቅ ይገባቸዋል ብዬ ነው ልል እችላለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን «እናትሽ ምን ሆና ነው?» ሲሉኝ እንደገና ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። ሁለተኛውን የነገርኩት ለእውነት ብዬ አይደለም። እንዲያማቸው ፈልጌ ነው። እኔ በየቀኑ ይዤው የምዞረውን እሳቸው በየሳምንቱ እየጣሉት መነሣታቸው አናደደኝ። እንደ አዲስ ገረጡ። መልካቸውን ሳየው ደስ አለኝ። ስለዚህ ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም።

ከዚያ ወዲህ ነግሬያቸው አላውቅም፤ ከርኅራኄ ይሁን ራሴን ከመፍራት አላወቅሁትም። ባለፈው ቅዳሜ እንደ ወትሮው የመኪናውን ቀበቶ ስፈታላቸው ጠየቁኝ።

«አሟት ነው አባባ።»

«ቀድሞ ምልክት አልነበረውም?»

«ነበረው።»

«ታዲያ ለምን በጊዜ አላሳከማችኋትም?» ተቆጡኝ፤ ድሮ የቤት ሥራ ሳልሠራ ስቀር እንደሚቆጡኝ ግንባራቸውን ቋጥረው። «የተማራችሁ ልጆች ናችሁ። እሷ ያልተማረች ሰው ናት፤ የሚሰማትን መናገር አትችልም። ማየት የነበረባችሁ እናንተ ናችሁ።»

«ልክ ነዎት» አልኳቸው።

ክንዳቸውን ይዤ በረዶው ላይ እንዳይንሸራተቱ ቀስ እያልን ገባን። በር ላይ ያለችው ልጅ ፊርማ ጠየቀችን፤ አባባ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው ስማቸውን ከነማዕረጉ ጻፉ።